የሽንኩርቱ መድኃኒትና የራስ ምታቱ ኪኒን፦ የሕፃንን አንጎል የሚጎዳው የትኛው እንደሆነ እንዴት ይታወቃል?

መስከረም 12 ቀን 2018 ዓ.ም. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ ነፍሰ ጡር ሴቶች ፓራሲታሞል ከመውሰድ እንዲቆጠቡ በአደባባይ ተናገሩ። ምክንያታቸው መድኃኒቱ ከኦቲዝም ጋር ይያያዛል የሚል ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን የሚያረጋግጥ ማስረጃ የለም ሲል መለሰ። ንግግሩ ግን መልሱን ቀድሞ በየስልኩ ገብቷል።

ከዚያ አምስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ መጨረሻ፣ ጄኔቫ ላይ በተካሄደው፣ በአካባቢ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ መርዛማ ኬሚካሎችን ለማስወገድ አገሮች የገቡት የስቶክሆልም ስምምነት ጉባኤ ክሎርፓይሪፎስ የተባለው ፀረ-ተባይ ኬሚካል እንዲወገዱ ከተወሰነባቸው ኬሚካሎች ዝርዝር ገባ። ከቀረቡት ስጋቶች አንዱ በፅንስና በሕፃናት አንጎል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ነው። ኢትዮጵያ የስምምነቱ አባል ናት፤ ኬሚካሉም በአገራችን ለምስጥና ለልዩ ልዩ ተባዮች ሲረጭ የኖረ ነው። ይህኛው ዜና ግን ብዙ ሰው ጆሮ አልደረሰም።

ሁለቱም ዜናዎች የወጡት ከአንድ የምርምር ዘርፍ ነው። ዘርፉ ኬሚካሎች በማደግ ላይ ያለን አንጎል እንዴት እንደሚነኩ ያጠናል፤ በሳይንሱ ስም የዕድገት ኒውሮቶክሲኮሎጂ ይባላል። «ኒውሮ» ነርቭ፣ «ቶክሲኮሎጂ» ደግሞ የመርዝ ጥናት ማለት ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ስም፣ ሁለት ነገር

ጣና ሐይቅ ዳር በምትገኘው ፎገራ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ «ዛሬ መድኃኒት ረጨሁ» ይላል። ባሕር ዳር ከተማ ፋርማሲ ደጃፍ የቆመች ነፍሰ ጡርም «መድኃኒት ልገዛ ነው» ትላለች። ቋንቋችን ለሁለቱ አንድ ስም ሰጥቷቸዋል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ከኋላው ያለው ቁጥጥር ለየቅል ነው። ኪኒኑ በሰው ላይ ተሞክሮ፣ መጠኑ በሚሊግራም ተለክቶ፣ የሚያስፈልገው ሰው እንዲወስደው የተሠራ ነው። የሽንኩርቱ መድኃኒት የተሠራው ነፍሳትን ለመግደል ነው፤ ወደ ሰው የሚደርሰው ማንም ሳያዝዘው፣ ማንም መጠኑን ሳይለካው ነው።

ፍርሃታችን ግን የተደለደለው በተቃራኒው ይመስላል። በኪኒኑ ላይ ጥያቄ መነሣቱ ክፋት የለውም፤ መነሣትም አለበት። የሚያሳስበው በሁለተኛው ላይ ያለው ዝምታ ነው።

መጠኑ ብቻ ሳይሆን ጊዜውም

ስለ መርዝ ሲነሣ «መጠኑ ነው የሚወስነው» የሚባለው እውነት ነው፤ ለሚያድግ አንጎል ግን ግማሽ እውነት ነው። አንጎልና አከርካሪ የሚሠሩበት ቧንቧ መሰል አካል የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ እስከ 28ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ይህም ብዙ እናቶች መፀነሳቸውን ገና ሳያውቁ ነው። ከዚያ በኋላ የነርቭ ሕዋሳት ይባዛሉ፣ ከተወለዱበት ቦታ ተነሥተው ወደየመደባቸው ይጓዛሉ፣ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ይህ ሥራ ከወሊድ በኋላም ዓመታት ይቀጥላል። ሸማኔ ድር ሲያደራ የሳተው ክር ጨርቁ ካለቀ በኋላ በመርፌ አይመለስም፤ ባለቀ ጋቢ ላይ የወደቀ እድፍ ግን ሊታጠብ ይችላል። አዋቂን ለአንድ ቀን ራስ ምታት ብቻ የሚዳርግ መጠን ፅንስን ዕድሜ ልኩን ሊከተለው የሚችለው ለዚህ ነው።

ይህን ለዓለም ያሳየችው የጃፓኗ ሚናማታ ናት። በ1956 በይፋ የታወቀው በሽታ ከፋብሪካ ወደ ባሕር በተለቀቀ ሜርኩሪ የተነሣ ነበር። ዓሣውን ከበሉት እናቶች አንዳንዶቹ እምብዛም ምልክት ሳይታይባቸው የወለዷቸው ልጆች ከባድ የአንጎል ጉዳት ይዘው ተገኙ። እስከዚያ ድረስ የእንግዴ ልጅ ፅንሱን ከመርዝ የሚጋርድ ግንብ ተደርጎ ይታሰብ ነበር። ግንብ ሳይሆን ወንፊት ነው፤ ሜርኩሪም እርሳስም አልኮልም ያልፉታል።

እርሳስ ደግሞ የተለየ ጠባይ አለው። ሰውነት ካልሲየም እየመሰለው ይቀበለውና አጥንት ውስጥ ያከማቸዋል። ሴቲቱ በልጅነቷ የዋጠችው እርሳስ ስታረግዝ፣ አጥንቷ ለፅንሱ ካልሲየም ሲያበድር አብሮ ይወጣል። ትንንሽ ልጆች ከሚውጡት እርሳስ ወደ ሰውነታቸው የሚገባው ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ነው፤ ብረት ያነሰው ልጅ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

ተመራማሪው ምን ይሠራል?

የዚህ ዘርፍ ተመራማሪ ሥራ ከባድ የሚሆነው አንድ ነገር ፈጽሞ ስለማይፈቀድለት ነው፤ ነፍሰ ጡርን ኬሚካል አጠጥቶ ውጤቱን ማየት አይችልም። ስለዚህ በሌሎች መንገዶች ይዞራል። በብልቃጥ ያደጉ የነርቭ ሕዋሳት ላይ ኬሚካሉን ጨምሮ እንዴት እንደሚያድጉና እንደሚያያዙ ያያል። ዜብራፊሽ በምትባል ትንሽ ዓሣ ይጠቀማል፤ ሽሏ ብርሃን አሳላፊ ስለሆነ አንጎሏ ሲሠራ በማይክሮስኮፕ በቀናት ውስጥ ይታያል። በነፍሰ ጡር አይጦች ላይ የሚደረገው ምርመራ ደግሞ ከ2007 ጀምሮ ዓለም አቀፍ መመሪያ አለው፤ ግልገሎቹ መንገድ ሲማሩ፣ ሲደነግጡና ሲላመዱ ይለካሉ።

እነዚህ ሁሉ ፍንጭ ይሰጣሉ። አይጥ ግን ፊደል አትቆጥርም። ስለ ልጅ ለማወቅ ልጅን መከተል ግድ ነው። ለዚህ የሚሠራው ጥናት ኮሆርት ይባላል፤ በአንድ ጊዜ ጥናት ውስጥ የገቡ ሰዎችን ለዓመታት መከታተል ማለት ነው። እናቲቱ ለቅድመ ወሊድ ክትትል ስትመጣ ሽንትና ደም ትሰጣለች፣ ስትወልድ የእትብት ደም ይወሰዳል፣ ልጁ በሁለት ዓመቱ፣ ቀጥሎም በሰባት ዓመቱ ይፈተሻል።

ሥራው የሚበላሸው ትልልቁ ነገር ላይ አይደለም። በልጅ ደም ውስጥ ያለውን እርሳስ ለመለካት ከጣቱ ጫፍ ጠብታ ይወሰዳል እንበል። ልጁ አፈር ሲጫወት ከነበረ በቆዳው ላይ ያለው ብናኝ ወደ ጠብታው ይገባና ደሙ ውስጥ የሌለ እርሳስ እንዳለ አድርጎ ያሳያል። ስለዚህ ጣቱ በሳሙናና በውኃ በደንብ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ከታጠበ በኋላ ሌላ ነገር እንዳይነካ እጁ ይያዛል፣ የመጀመሪያው ጠብታ ተጠርጎ ሁለተኛው ይወሰዳል። የሚፈለገው መጠን ምን ያህል ረቂቅ እንደሆነ ለማየት፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከ2021 ወዲህ ክትትል ያስፈልገዋል የሚለው ልጅ በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ 35 ማይክሮግራም ማለትም የአንድ ግራም 35 ሚሊዮንኛ እጅ እርሳስ የተገኘበት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ጉዳት የለውም የሚባል የታወቀ መጠን የለም ይላል።

ክሎርፓይሪፎስ ሌላ ችግር ያመጣል። ሰውነት በቀናት ውስጥ ሰባብሮ በሽንት ስለሚያስወጣው፣ አንድ የሽንት ናሙና የሚናገረው ስለ ሰሞኑ ብቻ ነው። የፎገራ እናት በክረምት ሩዝ ማሳው በውኃ ተሞልቶ ሳለ ብትመረመርና ያችው እናት በበጋ ሽንኩርት በሚረጭበት ሰሞን ብትመረመር የተለያዩ ሁለት ሴቶች ትመስላለች። የመስኖውን ቀን መቁጠሪያ የማያውቅ ተመራማሪ የቱንም ያህል ውድ መሣሪያ ቢኖረው የተሳሳተ ቁጥር ይጽፋል።

የልጁን አእምሮ መለካትም እንዲሁ ነው። የውጭ መመዘኛዎች ሥዕልና ዕቃ አሳይተው ስሙን ይጠይቃሉ። ሥዕሉን አይቶ የማያውቅ የጣና ዳር ልጅ ዝም ቢል አንጎሉ ተጎድቷል ማለት አይደለም፤ የደንገል ታንኳ ቢያሳዩት ስሙን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደሚታሰር ይነግራቸው ይሆናል። መመዘኛው ወደ አማርኛ ከመተርጎሙ በላይ በአካባቢው ልጆች ላይ ተሞክሮ እንደገና መስተካከል አለበት።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ጉዳቶች ተደራርበው መምጣታቸው ነው። ብዙ ርጭት ያለበት ቤት ብዙ ጊዜ ደም ማነስ፣ የምጣድ ጢስና የእናት አለመማርም ያሉበት ቤት ነው። የአዮዲን እጥረት ብቻውን የልጅን አንጎል ይጎዳል። ልጁ ወደ ኋላ ቢቀር በየትኛው ምክንያት ነው? ተመራማሪው እነዚህን ሁሉ አንድ በአንድ ጠይቆ፣ መዝግቦ፣ በስሌት ለይቶ ካላስወገደ በቀር «ኬሚካሉ ነው» ለማለት አይችልም።

የክሎርፓይሪፎስ ክርክር

ክሎርፓይሪፎስ ኦርጋኖፎስፌት ከሚባሉት ፀረ-ተባዮች አንዱ ነው። ነርቭ ለነርቭ የሚላከውን አሲታይልኮሊን የተባለ መልእክተኛ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ የሚያጠፋ ኢንዛይም (በሰውነት ውስጥ ኬሚካዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን) አለ። ኦርጋኖፎስፌት ይህን ኢንዛይም ያስራል። መልእክተኛው አልጠፋ ሲል ነርቩ ያለ እረፍት ይተኩሳል፤ ነፍሳቱ ይሞታል፣ ብዙ የወሰደ ሰውም ያልበዋል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ መተንፈስ ያቅተዋል።

ይህ በትልቅ መጠን ነው። ክርክሩ ያለው ማንም በማይታመምበት ትንሽ መጠን ላይ ነው። በ2011 ሦስት የአሜሪካ የምርምር ቡድኖች በተመሳሳይ ወቅት ውጤታቸውን አወጡ፤ ሁለቱ ከኒውዮርክ፣ አንዱ የእርሻ ሠራተኞች ከሚኖሩበት ከካሊፎርኒያው ሳሊናስ ሸለቆ። በሳሊናስ በእርግዝና ወቅት በሽንታቸው ከፍተኛ የኦርጋኖፎስፌት ቅሪት የተገኘባቸው እናቶች ልጆች በሰባት ዓመታቸው ዝቅተኛ ከተገኘባቸው እናቶች ልጆች አይኪው በሚባለው የአእምሮ ብቃት መለኪያ በአማካይ ሰባት ነጥብ አንሰው ተገኙ። ሰባት ነጥብ በአንድ ልጅ ላይ ላይታይ ይችላል። በአንድ ወረዳ ልጆች ላይ ሲደመር ግን ልዩ ድጋፍ የሚሹት ቁጥር ይበዛል፣ በጣም ፈጣን የሚባሉት ያንሳሉ።

ተቃዋሚዎች ባዶ እጃቸውን አልመጡም። አንደኛው የኒውዮርክ ቡድን ጥሬ መረጃውን ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት አለመስጠቱ ውጤቱ እንደገና እንዳይፈተሽ አድርጓል አሉ፤ ፍትሐዊ ነቀፋ ነው። አምራቹ ኩባንያ ያስጠናው የአይጥ ምርመራም በአነስተኛ መጠን ጉዳት እንደሌለ ይጠቅስ ነበር። በ2018 ግን ነፃ ተመራማሪዎች ያንኑ ጥናት ከጥሬ ቁጥሮቹ እንደገና ሲያሰሉት በዝቅተኛው መጠን ጭምር ሴሬቤለም የተባለው የኋለኛው የአንጎል ክፍል ቁመት መቀነሱን አገኙ። የአውሮፓ ኅብረት በ2020 ፈቃዱን ሳያድስ ቀረ። አሜሪካ በ2021 በምግብ ሰብል ላይ አገደችው፤ በ2023 ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረው። ማስረጃው ሲመዘን ሚዛኑ ወደ ጥንቃቄው ወገን ያጋድላል ማለት ተገቢ ይመስላል፤ በሰው ላይ የተገኘው፣ በአይጥ የታየውና በሕዋስ የተደረሰበት ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማልና።

ፓራሲታሞል በዚሁ ሚዛን ሲቀመጥ ሌላ መልክ ይይዛል። ግንኙነት አገኘን የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ በ2021 ከ90 በላይ ሳይንቲስቶች ነፍሰ ጡሮች ያለ በቂ ምክንያት እንዳይወስዱት የሚያሳስብ ጽሑፍ ላይ ፈርመዋል። ሆኖም በ2024 የታተመው፣ 2.4 ሚሊዮን ያህል የስዊድን ልጆችን የሸፈነው ጥናት የአንድ እናት ልጆችን እርስ በርስ ሲያወዳድር ግንኙነቱ ጠፋ። ይህም ቀድሞ የታየው ልዩነት ከኪኒኑ ይልቅ ከቤተሰቡ የዘር ውርስ ወይም ኪኒኑን ካስወሰደው ሕመም የመጣ ሊሆን እንደሚችል ያመለክታል። ባሕር ዳርና አካባቢዋ የወባ አገር ናቸው። ያልታከመ ትኩሳት ራሱ ፅንስን ሊጎዳ ይችላል፤ ኪኒኑን ፈርታ በትኩሳት የምትተኛ እናት ከሁለቱ የከፋውን መርጣለች። ኪኒን ብቻ ውጣ ደሟን ሳትመረመር የምትቀረውም እንዲሁ።

ወደ ጣና ስንመለስ

የጣና ዳር ልጅ ኬሚካል የሚያገኘው ከየት ነው? ብዙ ሰው ቶሎ የሚጠረጥረው ሐይቁን ነው፤ በተለይ እምቦጭ በ2011 ከታየ ወዲህ። ዋናው መንገድ ግን ከሐይቁ ይልቅ ቤት ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። የረጨው ሰው ልብሱን ሳይቀይር ይገባል። ልብሱን በእጇ የምታጥበው ሚስቱ ናት፤ ነፍሰ ጡር ብትሆንም ያው ናት። የመርጫው ፓምፕ የቤት ውኃ በሚቀዳበት ጉድጓድ አጠገብ ይለቀለቃል። ባዶው ዕቃ ጠንካራና ክዳን ያለው ስለሆነ ሳይጣል ለዘይት ወይም ለውኃ ይውላል። በአንቀልባ የታዘለ ሕፃን ጉንጩን የሚያሳርፈው እናቱ ከማሳ ይዛው በመጣችው ነጠላ ላይ ነው። ባሕር ዳር ዙሪያ፣ እንደ ሮቢት ባታ ባሉ ቀበሌዎች፣ ጫት በጉድጓድ ውኃ በመስኖ ይለማል፤ ጫት ደግሞ ቅጠሉ ሳይበስልና ሳይላጥ የሚበላ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ዲዲቲ የተባለው ሌላው ፀረ-ተባይ ለወባ መከላከያ በየቤቱ ግድግዳ ሲረጭ እንደኖረ ይታወቃል። በጅማ አካባቢ በተደረገና በ2013 በታተመ ጥናት በእናቶች ጡት ወተት ውስጥ ተገኝቷል። ይህ እናቶች ማጥባት እንዲያቆሙ ምክንያት አይሆንም፤ የጡት ወተት ለአንጎል የሚሰጠው ጥቅም ከዚህ ስጋት በእጅጉ ያመዝናል።

ዓሣም እንደዚሁ በችኮላ መከሰስ የለበትም። በሐዋሳ ሐይቅ በተደረጉ ጥናቶች ሌሎች ዓሦችን የሚበሉት ትልልቅ ባርበሶች ከፍ ያለ ሜርኩሪ ሲገኝባቸው፣ ቆሮሶ ዝቅተኛ ነበረው። ነፍሰ ጡር ቆሮሶ ብትበላ ለልጇ አንጎል የሚበጅ ስብ ታገኛለች።

እርሳስ ሐይቅም ማሳም አይፈልግም። ከተማ ውስጥ በሚላጥ አሮጌ ቀለም፣ በሚፈታ የመኪና ባትሪ፣ ከቁርጥራጭ ብረት ቀልጦ በሚሠራ ድስት፣ በአንዳንድ የኩል ዓይነቶች ውስጥ ይገኛል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2018 ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግድግዳ ግን እንዳለ ነው።

አንድ የማይወደድ ነገር ደግሞ መባል አለበት። ፅንስን በመጉዳት በሚገባ ከተረጋገጡት ኬሚካሎች አንዱ አልኮል ነው። ጠላም ሆነ አረቄ ለነፍሰ ጡር ይህን ያህል ይፈቀዳል የሚባልበት መጠን የለውም። «ለወገብ ይበጃል» ተብሎ በፍቅር ለሚቀዳላት ሴት ይህን የሚነግራት ሰው ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ምን ይጠበቃል?

ክሎርፓይሪፎስ ከገበያ መውጣቱ በራሱ ልጆችን አያድንም። ውሳኔው ለተወሰኑ አጠቃቀሞች የጊዜ ገደብ ያለው ልዩ ፈቃድ ይፈቅዳል። ከዚያም በላይ ገበሬው ትሪፕስ የተባለውን ጥቃቅን የሽንኩርት ተባይ ለመከላከል ፕሮፌኖፎስን ቢያነሣ ያነሣው ሌላ ኦርጋኖፎስፌት ነው፤ ያንኑ ኢንዛይም የሚያስር። በትሪፕስ ምርቱ የሚጠፋበትን ሰው «አትርጭ» ማለት መልስ አይሆንም፤ የሚረጨውን እንዲመርጥ፣ መቼ እንዲያቆም፣ ልብሱን የት እንዲያወልቅ የሚነግረው የግብርና ባለሙያ ከጤና ባለሙያው ጋር አንድ ነገር ማውራት አለበት። የፀረ-ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ዓ.ም. ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሱቅ ላይ ያለው ሻጭ መለያው የተላጠ ጠርሙስ ሲሸጥ የሚያስቆመው ግን አዋጁ ሳይሆን ሰው ነው።

መለካት ምን ያህል እንደሚያስችል ባንግላዴሽ አሳይታለች። ተመራማሪዎች በነፍሰ ጡሮች ደም ውስጥ ያለውን እርሳስ ምንጭ ሲከታተሉ፣ ነጋዴዎች እርድ እንዲደምቅ የሚጨምሩበት ሊድ ክሮሜት የተባለ ቢጫ ቀለም ላይ ደረሱ። በ2019 ገበያ ላይ ከተፈተሸው እርድ ግማሽ ያህሉ እርሳስ ነበረበት። መንግሥት ውጤቱን ይዞ ገበያውን ፈተሸ፣ ነጋዴዎችን ቀጣ፤ በ2021 እርሳስ ያለበት ናሙና አልተገኘም። እኛም አልጫ የምንሠራው በእርድ ነው።

ባሕር ዳር ለዚህ ሥራ ከዜሮ አትነሣም። ዩኒቨርሲቲ፣ ሪፈራል ሆስፒታሎችና የአማራ ክልል የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በአንድ ከተማ ውስጥ ናቸው። ከሐይቁ በስተሰሜን፣ ዳባት ላይ፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ጀምሮ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ኖሯል፤ ቤተሰብን ለዓመታት መከተል በዚህ አገር ይቻላል ማለት ነው። የሚጎድለው በተከታታይ የሚሰጥ ገንዘብ፣ መብራት ሲጠፋ ናሙናው የማይቀልጥበት ማቀዝቀዣና ለሰባት ዓመት አንድ ጥያቄ ይዞ ለመቀመጥ የሚፈቀድለት ወጣት ተመራማሪ ነው።

የእርሳሱ ጥያቄ በወራት ሊመለስ ይችላል፤ የታጠበ ጣት፣ ጠብታ ደምና መለኪያ ይበቃዋል። የፀረ-ተባዩ ግን አይቸኩልም። በ2018 ዓ.ም. በበጋው መስኖ ሰሞን ፎገራ ላይ የተፀነሰ ልጅ በ2019 ዓ.ም. ይወለዳል፤ ለሰባት ዓመቱ ፈተና የሚቀመጠው በ2026 ዓ.ም. ነው። የእናቱ ሽንት በእርግዝናዋ ወቅት ካልተቀዳ ግን በዚያን ጊዜ የሚነጻጸርበት ቁጥር አይኖርም።